የገዛ ላይብረሪያችንን በሚያገለግልበት ፕሮግራም ውስጥ ስለ መፈተን

በነጌሌ ቦረና ለተሰበሰቡ የሙያ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር




ይህች ዛሬ የተሰበሰብንባት ከተማ የአንድ ዕቃ መበላሸት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከብዙ ከተሞች ይበልጥ ታውቃለች። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. እዚህ ነጌሌ ሰፍሮ የነበረው የ4ኛ ብርጌድ ጦር ያመፀው በምግቡ መጥፎነትና በውሃ ችግር ተማርሮ ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ውሃ እንዳይቀዱ በመከልከላቸው ነገሩ እንደ ከረረ ታሪክ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ የደረሰውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልተርከውም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ የመሐንዲስ ትምህርት ብቻ ነው። ፓምፕ በፋብሪካው መፈተኛ ላይ መሽከርከሩ ለተጠማ ሰው ምንም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው በተተከለበት ጉድጓድ፣ በተገጠመለት ቧንቧ፣ በሚያገኘው ነዳጅ ውሃ ሲያወጣ ነው።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከፓምፕ የራቀ ይመስላል፤ ይኸውም በሥራ ላይ ያለ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ገና ለሕዝብ ሳይለቀቅ፣ በሚያገለግልበት ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚፈተን ነው። በመካከላችን የመንገድ፣ የውሃና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ስላላችሁ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የሶፍትዌር ባልደረቦቼ ለጥቂት ደቂቃ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

በሙያችን ላይብረሪ የምንለው አንድን የተወሰነ ተግባር የሚያከናውን፣ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ሊገባ የሚችል፣ ራሱን ችሎ የተጻፈ የኮድ ክፍል ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ በ10 ቀን ውስጥ የነደፈው ቋንቋ ሲሆን፣ ዛሬ በእያንዳንዱ የኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ራያን ዳል ኖድ የተባለውን ሲያወጣ ቋንቋው ከማሰሻው ውጭም በሰፊው መሥራት ጀመረ። በ2010 ደግሞ አይዛክ ሽሉተር ኤንፒኤም የተባለውን የፓኬጅ ማከፋፈያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ አንድ ፕሮግራመር የሌላውን ሥራ በአንዲት ትእዛዝ ወደ ራሱ ፕሮግራም ማስገባት ስለቻለ፣ የዛሬ ፕሮግራም ማለት በአብዛኛው የሌሎች ሰዎች ላይብረሪ ስብስብ ነው ለማለት ይቻላል። መጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ሌፍትፓድ የተባለች የ11 መስመር ፓኬጅ በባለቤቷ ፈቃድ ከማከፋፈያው በተነሣች ጊዜ፣ በእርስዋ ላይ የቆሙ በርካታ ፕሮግራሞች በዓለም ዙሪያ መገንባት አቅቷቸው ነበር። ትንሽ ክፍል ትልቁን ሊያቆም እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በነጌሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ ለሚሠራ ማናቸውም መዝገብ ያዥ ፕሮግራም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ነገር የቀን አቆጣጠር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ስልኩና ታብሌቱ በግሪጎርዮሳዊው ይቆጥራሉ፤ ሙስሊሙ ወገናችን ጾሙንና በዓሉን በሂጅራ ያሰላል፤ የቦረና አያንቱዎች ደግሞ ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው በ12 ወራትና በ27 የቀን ስሞች ጊዜን የሚቆጥሩበት የራሳቸው ጥንታዊ ዕውቀት አላቸው። በውጭ አገር የተጻፈ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያውቃል። ስለዚህ የኛ አገር ፕሮግራመሮች የቀን መለወጫ ላይብረሪ በየጊዜው ይጽፋሉ፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

የዘመን መለወጫው ስሌት ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው፤ ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ 6 ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ስለ ነበረ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዋለ፤ የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ግን በሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ዋለ። ይህን ደንብ ተከትሎ የተጻፈ ላይብረሪ መቶ ፈተና ቢቀርብለት መቶውንም ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። መቶውን ፈተና ያለፈ ላይብረሪ በጤና ጣቢያ ታብሌት ላይ ለምን ይሳሳታል?

አንድ ምሳሌ በምናባችን እናቁም። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። ፔንታቫለንት የተባለው ክትባት በአገራችን መርሐ ግብር በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። በሁለት ዶዝ መካከል ከ4 ሳምንት፣ ማለትም ከ28 ቀን ያላነሰ ጊዜ ማለፍ አለበት። ሕፃኑ የመጀመሪያውን ዶዝ የወሰደው ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው እንበል፤ ይህም ቀን ከወረቀት መዝገብ ተገልብጦ በትክክል ገብቷል። እናቲቱ የመጣችው ኅዳር 30 ቀን ነው። ልክ 28 ቀን ሆኗል። የጤና ባለሙያዋ በታብሌቱ ላይ ካለው የኢትዮጵያ ካላንደር ኅዳር 30ን ትነካለች። ፕሮግራሙ ግን 27 ቀን ብሎ ቆጥሮ «ጊዜው ገና ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣል።

የስሕተቱ ምንጭ እንዲህ ነው። ጃቫስክሪፕት ሲነደፍ የቀን አያያዙን ከጃቫ ቋንቋ ወረሰ። በዚህ አያያዝ «ዴት» የሚባለው ነገር የአንድ ቅጽበት መለኪያ ነው፤ ሰዓት የሌለውን ተራ ቀን ብቻውን መያዝ አይችልም። ስለዚህ ላይብረሪው «ኅዳር 30» ሲባል በአካባቢው ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያለውን ቅጽበት ያስረክባል። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም። ፕሮግራሙ ደግሞ ቅጽበቱን ተቀብሎ፣ ወደ መረጃ ቋት ለመላክ ሲል በዓለም አቀፉ ሰዓት አጻጻፍ ይጽፈዋል። ይህም በራሱ የተለመደ አሠራር ነው። ነገር ግን አገራችን ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ በነጌሌ እኩለ ሌሊት ሲሆን በግሪንዊች ገና ያለፈው ቀን ምሽት 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዲሴምበር 9 ቀን 2024 መሆን የነበረበት ዲሴምበር 8 ተብሎ ተጻፈ፤ አንዲት ቀን ጠፋች።

ላይብረሪው የራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ ፕሮግራሙም እንደዚሁ። ጥፋቱ ያለው በመጋጠሚያው ላይ ነው። የላይብረሪው ፈተናዎች ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ብቻ ስለሚያመሳክሩ መጋጠሚያውን አይነኩትም። በዚያም ላይ ኮድ በቀጥታ የሚፈተንባቸው የኢንተርኔት ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ሰዓታቸው ከግሪንዊች ጋር እኩል ነው። በእነርሱ ዘንድ የአካባቢው እኩለ ሌሊትና የዓለም አቀፉ እኩለ ሌሊት አንድ ስለ ሆነ፣ ቢፈተን እንኳ ስሕተቱ አይታይም። ስሕተቱ የሚታየው ላይብረሪው በእውነተኛው ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ፣ ሰዓቱ በአዲስ አበባ በተቀናበረ መሣሪያ ላይ ሲሠራ ብቻ ነው። ይኸው ስሕተት ሐምሌ 1 ቀን ቢደርስ የአዲሱን የበጀት ዓመት የመጀመሪያ ሥራ ወደ ሰኔ 30 ይመልሰዋል፤ በ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ቢደርስ ኖሮ ቀኑን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ያደርገው ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ስሕተት ውሎ አድሮ ያርመዋል። ከሩቅ መጥታ የተመለሰችው እናት ግን ተመልሳ መምጣቷን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

እንግዲህ ላይብረሪውን በፕሮግራሙ ውስጥ ለመፈተን ምን መንገድ አለ? ብዙ ጀማሪዎች የሚያውቁት አንድ መንገድ ነው፤ ላይብረሪውን ወደ ኤንፒኤም ማከፋፈያ ይለቅቁታል፤ ከዚያም እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ወደ ፕሮግራማቸው ያወርዱታል። ይህ መንገድ ሦስት ችግር አለበት። በመጀመሪያ፣ አንድ ጊዜ የተለቀቀ የቨርዥን ቁጥር ዳግመኛ ለሌላ ይዘት ሊውል አይችልም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ሙከራ አዲስ ቁጥር ትበላለች። ሁለተኛ፣ ያልበሰለው ሥራ በማያውቁን ሰዎች ፕሮግራም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሦስተኛ፣ በቆላ ከተሞቻችን መስመሩ በሚቆራረጥበት ሰዓት የአንዲት መስመር ማሻሻያን ለማየት ፋይሉን ወደ ሩቅ አገር ልኮ መልሶ ማውረድ የሰውን የሥራ ቀን ይጨርሳል። በገዛ ጠረጴዛችን ላይ ያሉ ሁለት ፎልደሮች እንዲገናኙ ባሕር ማሻገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ ማያያዝ ነው፤ ትእዛዙ ኤንፒኤም ሊንክ ይባላል። በቅድሚያ በላይብረሪው ፎልደር ውስጥ ሆነን ትእዛዙን እንሰጣለን፤ ቀጥሎም በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ሆነን የላይብረሪውን ስም ጨምረን እንደግመዋለን። በዚህ ጊዜ በፕሮግራሙ የፓኬጅ ማኅደር ውስጥ የላይብረሪው ቅጂ አይቀመጥም፤ ወደ እውነተኛው ፎልደር የሚጠቁም ምልክት ይቀመጣል። በላይብረሪው ላይ የምናደርገው ለውጥ ወዲያውኑ በፕሮግራሙ ውስጥ ይታያል። ላይብረሪው ከመሠራቱ በፊት መተርጎም ያለበት ቢሆን፣ ለምሳሌ በታይፕስክሪፕት የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ተርጓሚው በጎን እየሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ አለዚያ ያረጀውን ውጤት ስናይ እንውላለን። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ፍጥነቱም የሚወዳደረው የለም። ለዕለት ሥራ ከዚህ የተሻለ የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ማያያዝ ሦስት ነገሮችን ይደብቃል።

አንደኛ፣ ኖድ የጥቆማ ምልክቱን ተከትሎ ወደ እውነተኛው ፎልደር ስለሚሄድ፣ ላይብረሪው የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች የሚያገኘው በራሱ ፎልደር አጠገብ ካለው ማኅደር ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ እነዚያኑ ፓኬጆች በራሱ ማኅደር ይዟል። በዚህም ምክንያት የአንድ ፓኬጅ ሁለት ቅጂ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ሪአክት የተባለውን የገጽ መሥሪያ የሚጠቀም ላይብረሪ በዚህ ምክንያት ሥራውን ሲያቆም ያላየ ፕሮግራመር ጥቂት ነው፤ ሪአክት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ሆኖ መገኘትን አይታገሥምና። ሰውየው በሌለ ስሕተት ላይ ሁለት ቀን ሲደክም ይውላል። መድኃኒቱ እንዲህ ያለውን ፓኬጅ ላይብረሪው ራሱ እንዳይዘው፣ ከፕሮግራሙ የሚጠብቀው አድርጎ ማስመዝገብ፣ በማያያዝ ጊዜም ላይብረሪው የፕሮግራሙን ቅጂ እንዲጠቀም ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ በማያያዝ ጊዜ ፕሮግራሙ የላይብረሪውን ፎልደር በሙሉ ያያል። ላይብረሪው ሲለቀቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጡት በፓኬጁ መግለጫ የተዘረዘሩት ፋይሎች ናቸው። የበዓላት ዝርዝር የያዘው ፋይል በመግለጫው ካልተጠቀሰ፣ በገዛ ጠረጴዛችን ላይ ሁሉም ይሠራል፤ ፓኬጁን በሚያወርደው ሰው ዘንድ ግን ፋይሉ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ጥቆማውን የማይከተሉ መሣሪያዎች አሉ። የሪአክት ኔቲቭ የስልክ ፕሮግራሞችን የሚያጠቃልለው ሜትሮ የተባለው መሣሪያ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለውን ጥቆማ አይቀበልም ነበር። በቆላው ያለው ሥራችን በአብዛኛው በስልክና በታብሌት ላይ ስለ ሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ማሸግ ነው፤ ትእዛዙ ኤንፒኤም ፓክ ይባላል። ይህ ትእዛዝ ላይብረሪውን ልክ ለማከፋፈያው እንደሚላክ አድርጎ በአንድ የታመቀ ፋይል ያሽገዋል፤ ግን ወደ የትም አይልከውም። ከዚያ በፕሮግራሙ ፎልደር ሆነን የዚያን ፋይል አድራሻ ሰጥተን እናስገባዋለን። አሁን በማኅደሩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ቅጂ ነው። የተረሳ ፋይል ካለ እዚሁ ይጋለጣል፤ የሚያስፈልጉት ፓኬጆችም በተለመደው ቦታ ስለሚገቡ በማያያዝ ምክንያት የሚመጣው የሁለት ቅጂ ችግር ይወገዳል። ጉድለቱ ዘገምተኛነቱ ነው፤ ለእያንዳንዷ ለውጥ እንደገና ማሸግና ማስገባት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በአንድ የቨርዥን ቁጥር ሁለት ልዩ ልዩ እሽግ ካወጣን፣ ኤንፒኤም በቁልፍ ፋይሉ የመዘገበው የማረጋገጫ ምልክት ከአዲሱ ጋር ሳይስማማ ይቀርና ግራ መጋባት ይፈጠራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እሽግ የሙከራ ቁጥር መቀጠል ይገባል።

ከእነዚህ በመካከል ያሉም አሉ። ያልክ የተባለው መሣሪያ ላይብረሪውን በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ባለ ማከማቻ አስቀምጦ ቅጂውን ወደ ፕሮግራሙ ያሻግራል። ቨርዳቾ የተባለው ደግሞ በቢሯችን ውስጥ የራሳችንን ትንሽ ማከፋፈያ እንድናቆም ያስችለናል፤ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አምስትና ስድስት ሆነው ለሚሠሩ ባልደረቦች፣ የውጭው መስመር ሲቋረጥም ሥራው እንዳይቆም የሚረዳ ነው። ላይብረሪውና ፕሮግራሙ የአንድ ቡድን ንብረት ከሆኑና በአንድ ማኅደር አብረው ከኖሩ ደግሞ፣ ኤንፒኤም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 7ኛ ቨርዥኑ ያስገባው ዎርክስፔስ የተባለው አሠራር የማያያዙን ሥራ ራሱ ያከናውነዋል።

ከእነዚህ መንገዶች የቱን እንምረጥ? አንዳንድ ባልደረቦች ማያያዝ ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከእሽግ በቀር አያምኑም። የኔ አስተያየት ሁለቱም በየተራቸው ያስፈልጋሉ የሚል ነው። በምንሠራበት ሰዓት እናያይዝ፤ ፍርድ በምንሰጥበት ሰዓት እናሽግ። የዕለቱን ሥራ ማያያዝ ያፋጥነዋል፤ የሥራው ፍጻሜ ግን ሰው በሚቀበለው እሽግ መለካት አለበት። በዚሁ መሠረት ለማኅበራችን አባላት የሚከተለውን ሥርዓት አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ላይብረሪው የራሱን ፈተናዎች ይለፍ። ሁለተኛ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ተያይዞ እየታየ ይሠራ። ሦስተኛ፣ ማያያዣው ተፈትቶ፣ የፕሮግራሙ የፓኬጅ ማኅደር ተደምስሶ፣ እሽጉ እንደ አዲስ ይግባ። አራተኛ፣ ፕሮግራሙ ለተጠቃሚ በሚሰጥበት የመጨረሻ ቅርጹ ተገንብቶ፣ ሰዓቱ በአዲስ አበባ በተቀናበረ፣ ተጠቃሚው በእጁ በሚይዘው ዐይነት መሣሪያ ላይ ይታይ። አምስተኛ፣ የሚፈተኑት ቀኖች በፈቃድ የተመረጡ ይሁኑ፤ ጳጉሜን 5ና 6፣ መስከረም 1፣ ሰኔ 30ና ሐምሌ 1፣ እንደዚሁም ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ፣ ይኸውም የኛ ቀንና የግሪንዊች ቀን የሚለያዩበት ሦስት ሰዓት። ስድስተኛ፣ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ብቻ ላይብረሪው ይለቀቅ።

ስለ ቀን ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። ጃቫስክሪፕት ራሱ ይህን የቆየ ጉድለት ለማረም ቴምፖራል የተባለ አዲስ አያያዝ ተዘጋጅቶለታል፤ ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2025 ተቀብሎታል። በዚህ አያያዝ ሰዓት የሌለው ተራ ቀን ራሱን ችሎ ይቆማል፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠርም ከሚታወቁት መካከል ነው። ሆኖም በቆላ ጤና ጣቢያዎች ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ዓመት አይታደሱም። እስከዚያው ድረስ ቀን በላይብረሪውና በፕሮግራሙ መካከል ሲተላለፍ በዓመት፣ በወርና በቀን ቁጥር ብቻ ቢተላለፍ፣ ቅጽበት ሆኖ ባይተላለፍ፣ የሰዓት ልዩነቱ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም።

ክቡራን፤

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ትንሽ ላይብረሪ ይበዛል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በአዲስ አበባ ተቀምጦ ስሕተቱን በማግሥቱ ማረም ለሚችል ሰው ምናልባት ይበዛ ይሆናል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ነጌሌና ከእርስዋም ወዲያ በሚገኙት ከተሞች ግን የተበላሸ ፕሮግራም እስኪታደስ ድረስ መስመር መጠበቅ፣ አንዳንዴም ሰው መላክ ያስፈልጋል። በሙከራ ጊዜ የተቆጠበው ግማሽ ቀን በመንገድ ላይ ሳምንት ሆኖ ይከፈላል።

የቦረና ሕዝብ ቱላ የተባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች ለብዙ ትውልድ ሲጠቀምባቸው ኖሯል። ሰዎቹ በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ የውሃውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ፤ የውሃ ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋም ሥርዓቱን ይጠብቃል። ከተደረደሩት አንዱ ብርቱ መሆኑ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ አይታወቅም። የሚታወቀው በሰልፉ ውስጥ ገብቶ፣ ከበታቹ ተቀብሎ ለበላዩ ሳያፈስ ሲያቀብል ነው። እኛም የምንጽፈውን ላይብረሪ ከሰልፉ ውስጥ አስገብተን ሳናየው ለሕዝብ እንዳንሰጠው አደራ እላለሁ።